የዕቅድ ውይይት፦ የሮማ መልሕቅ የእርሳስ አግዳሚዎችን በጋራ ለመመዝገብ (ሁለተኛ ረቂቅ)

አዘጋጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአባላት እጅ ያሉትን አግዳሚዎች (በሮማ መርከብ መልሕቅ ዘንግ ላይ ተሻግረው የሚቀመጡ፣ እርሳስ ከተባለው ከባድ ብረት የተሠሩ) በአንድ ቅጽ እንመዝግብ የሚለው ሐሳብ ተሻሽሎ ቀርቧል። ቅጹ ርዝመት፣ ክብደት፣ የመሐል ሳጥኑን (ዘንጉ የሚያልፍበትን ክፍት ቦታ) ስፋት፣ ጽሑፍና ምስል፣ የተገኘበትን ቦታ ይጠይቃል። «ሙሉ መልሕቅ» የሚለውን አውጥቻለሁ። ዘንጉና ክንዶቹ እንጨት ስለነበሩ የባሕር ትል በልቷቸዋል፤ የተረፈን እርሳሱ ነው። ሙሉ ቅርጹን ማየት የሚፈልግ ጣልያን አገር ኔሚ ሐይቅ የተገኘውን ይመልከት፤ ጨዋማ ባልሆነ ውኃ ውስጥ ያ ትል ስለማይኖር እንጨቱ ቆይቷል።

የእንክብካቤ ክፍል፦
ረቂቁ ጽዳትን አንደኛ ደረጃ ላይ አስቀምጧል፤ እባክዎ ወደ መጨረሻ ይውረድ። በሳጥኑ ውስጥ የዘንጉ ስባሪ ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል። የእንጨቱ ዓይነትም ሆነ የካርቦን ዕድሜ የሚታወቀው ከእሱ ነው፤ አንድ ሰው በካቻቪቴ ፈልፍሎ ካወጣው አበቃ። የሽቦ ብሩሽም በእርሳሱ ላይ ያለውን ፊደልና ለጌጥ የተሠራውን የቁርጭምጭሚት አጥንት ቅርጽ ይፍቃል።

ሌላው ስሕተት «በእንጨት ሣጥን ይቀመጥ» የሚለው ነው። ኦክ፣ ቺፕውድና ካርቶን የኮምጣጤ አሲድ ትነት ያወጣሉ። እርሳሱ ቀስ በቀስ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ ደግሞ መርዝ ነው። ቀለም የተቀባ የብረት መደርደሪያና የፖሊኤቲሊን ስፖንጅ ይሻላል። ሁለቱን ጫፍ ብቻ ደግፎ ማስቀመጥም አይሆንም፤ እርሳስ በገዛ ክብደቱ ይጎብጣል። ጓንትና ጭንብል ግዴታ ይሁን። ዱቄቱ በመጥረጊያ አይጠረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይነሣ።

የማንሣት ሥራ ተጠሪ፦
ሚዛን ለሌለው፦ ይዘቱን በሊትር አስልቶ በ11.3 (የአንድ ሊትር እርሳስ ክብደት በኪሎ) ያባዛ። 12 ሊትር ብቻ 136 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ሰው አያነሣውም። ሁለት ሰፋፊ ቀበቶዎች ከሳጥኑ ግራና ቀኝ እኩል ርቀት ላይ ታስረው ከላይ በብረት ዘንግ ይያዙ። በሳጥኑ ቀዳዳ ገመድ ማሳለፍ ክልክል ይሁን፣ ግድግዳው ስስ ነው። ማልታ የሚገኘውን፣ ኢሲስና ሳራፒስ የሚል ጽሑፍ (የግብፅ አማልክት ስም) ያለበትን ባለ 4 ቶን አግዳሚ ያየ ይረዳኛል።

ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ ሳጥኑ ውስጥ የሚያቋርጥ የእርሳስ ድልድይ አለ? ካለ፣ እርሳሱ ቀልጦ በዘንጉ ላይ የፈሰሰ፣ የማይነቀል ዓይነት ነው። አግዳሚው ሳጥን የሌለው፣ ቀጥ ያለ ከሆነ ግን ተነቃይ ነው።

የሰነድ ክፍል፦
«ግምታዊ ዋጋ» የሚለው ዓምድ ይውጣ። የ2001 የዩኔስኮ ስምምነት ከ100 ዓመት በላይ ውኃ ውስጥ የቆየን ቅርስ ለንግድ ማዋል ይከለክላል። በጣልያን ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለ ግኝት የመንግሥት ነው። ሰነድ የሌለው ዕቃ ለሚመለከተው አገር ባለሥልጣን ሳይነገር እንዳይመዘገብ። «የጳውሎስ መርከብ» (ሐዋርያው ተሳፍሮባት የተሰበረችው) የሚል ማብራሪያም ይቅር። የሐዋርያት ሥራ 27 አራት መልሕቅ ከኋላ እንደተጣለ፣ በኋላም ተፈተው ባሕር ውስጥ እንደተተዉ ይናገራል፤ የትኛው እርሳስ የነሱ እንደሆነ የሚለይ ምልክት ግን የለም።

አዘጋጅ፦
ዋጋው ወጥቷል፣ ጽዳቱ ወርዷል፣ የድልድዩ ጥያቄ ገብቷል። ሰነድ የሌላቸውን በተመለከተ ድምፅ እንስጥ። ክብደት የላካችሁ ግን በሚዛን ይሁን በስሌት አልጻፋችሁም፤ እሱን አስተካክሉልኝ።