የፊያት 124 ስፓይደር አሮጌ አሞርዛተር፦ ልጣለው ወይስ ገና ይሰራል?

ልጅ_አዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ግቢ ሸራ ለብሳ ስንት አመት የቆመች ስፓይደር ተረክቤ እየነካካኋት ነው፣ ሞተሯ ተነስቷል አሁን የጨነቀኝ አሞርዛተሩ (የመኪናዋን መንጠር የሚይዘው) ነው። የፊቶቹ ቀይ ናቸው፣ ስቲከሩ ተልጦ ምንም አይነበብም፣ የኋላዎቹ ጥቁር ሆነው አንዱ ዘይት አልቅሶ አቧራ ጠጥቷል። እዚህ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር አንድ ጋራዥ ሳሳይ "ይሄ አልቋል፣ የቶዮታ እንግጠምበት" አሉኝ፣ እኔ ግን ፊቷን ስጫናት አንዴ ተመልሳ ቀጥ ነው የምትለው፣ ታዲያ ምኑ ነው ያለቀው?

ባሌስትራ፦
መጫኑን ተወው። ያን ያህል የቆመች መኪና ጎሚኒው (የመገጣጠሚያው ላስቲክ) ደርቆ ቡሎኑ ዝጎ ስለሚይዛት አሞርዛተሩ ባዶ ቢሆንም ቀጥ ትላለች። ቀይ ስለሆነም ኮኒ (ቀይ የሚቀባው የአሞርዛተር ማርካ) ነው ብለህ እንዳትደመድም፣ ቀለም ማንም ይቀባል። ፈትተህ ጭቃውን በናፍጣ አርስና በብሩሽ ጥረገው፣ ብርጭቆ ወረቀት ግን እንዳታስነካው፣ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተመቷል፣ በ80 ወይ በ82 የሚጀምር ከሆነ የሆላንዱ ኮኒ ነው። የኋላውን ስትፈታ ዲፈረንሻሉን በክሪክ ደግፍ፣ አለዚያ ወርዶ የፍሬን ዘይት ቱቦህን ይጎትተዋል።

ጋሽ_ናፍጣ፦
ልጄ፣ ተኝቶ የቆየ አሞርዛተር አየር ስለሚገባበት መጀመሪያ ሞርሳ (ብረት መያዣው) ላይ አቁመህ አምስት ስድስት ጊዜ እስከ ጫፍ ሳበው ዝጋው። ከዛ ቀስ ብለህ ሳብ፣ ከላይ እስከ ታች እኩል መክበድ አለበት፣ መሀል ላይ ባዶ የሚልህ ቦታ ካለ ዘይቱ ጎድሏል ወይ ቫልቩ ሄዷል። ከመዝጋቱ ይልቅ መሳቡ ቢከብድህ አትደንግጥ፣ እንደዛ ነው። ዘንጉንም በጥፍርህ ዳስሰው፣ ዝገት በልቶት ጥፍር ከያዘ አዲስ ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚይዘው ላስቲክ) ብታስገባም ይቀደድብሃል። ዘይት ለማስሞላት ደግሞ አትቸኩል፣ እኔ አንዴ እዚሁ ከተማ አስሞልቼ የሞተር ዘይት አጠጥተውልኝ እንደ እንጨት ደርቆ እስከ ሶደሬ ወገቤን ፈጀው።

ባሌስትራ፦
የቶዮታውን ነገር ደግሞ ሙሉ ተዘግቶና ሙሉ ተስቦ ስንት ሴንቲ እንደሆነ ሳትለካ እንዳትሞክረው፣ ከረዘመ ጎማው ስቶፐር (ማቆሚያው ላስቲክ) ጋ ሳይደርስ ውስጡ ይመታና ማሰሪያውን ይሰብረዋል።

ልጅ_አዳማ፦
ፈታሁት! የግራው በ80 የሚጀምር ቁጥር አለው፣ ሲሳብ ማር ነው። የቀኙ ግን ሲጠረግ ከቀዩ ስር ጥቁር ወጣ፣ ቁጥር የለው ምን የለው፣ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ይላል። አጎቴ ጋ ደውዬ ስጠይቀው ሳቀና "ሻይ ጥዬ ነው የመጣሁት" ብሎ ዘጋው። ጋሼ፣ አንዱን ብቻ አዲስ ገዝቼ ከድሮው ኮኒ ጋር ብገጥመውስ?

ጋሽ_ናፍጣ፦
ኧረ አይሆንም፣ ጎዶሎ ከሆነ ፍሬን ስትይዝ ወዳንድ ጎን ትስብሃለች። ስፓይደር በፈረንጅ ከ1966 እስከ 1985 ስትመረት የኖረች ናት፣ እቃ አይጠፋላትም፣ ለፊት ጥንድ እዘዝ። የግራውን ኮኒ ግን እንዳትሸጠው፣ መደርደሪያ ላይ አቁመህ አስቀምጠው፣ አታስተኛው።