በቀቀኔ ጣቴን ጨረሰችው፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ከደሴ ነኝ። አክስቴ ወደ ጅዳ ስትመለስ ግራጫ በቀቀኗን ለእኔ ትታልኝ ሄደች። ሁለት ወር ሆነን። ሱፍ ከመዳፌ ትበላለች፤ «አብሽር» ማለትንም ከእናቴ ለምዳለች። እጄን ወደ ጎጆዋ ሳስገባ ግን እስኪደማ ትነክሰኛለች።

መጀመሪያ እጮህ ነበር፤ ጩኸቴ ጨዋታ መስሏት ባሰባት። አሁን ጥርሴን ነክሼ ዝም እላለሁ (ቁንጥጫ እንዳይመስላችሁ!)። ከመንከሷ በፊት የዓይኗ ብሌን ጠበብ ሰፋ ይላል፣ የአንገቷ ላባም ይቆማል። ያኔ እጄን ብሰበስብ ማስፈራራት እንደሚያዋጣ አስተምራታለሁ? ወይስ ማክበሬ ነው?

የጠየቅሁት ሐኪም «እኔ የማውቀው ከብትና ዶሮ ነው» ብሎ ሳቀ። እናቴ ቡና ላይ «ልቀቂያት» ትላለች፤ በዚህ የደሴ ብርድ! በእጅ ፋንታ እንጨት ላይ መውጣት ያስለመዳችሁ ካላችሁ፣ ከየት ልጀምር?