«ኢንተርኔት ላይ የወጣ ቅርስ አይሰረቅም» ተባለ፤ እስኪ እንነጋገርበት

የሸዋ በር ልጅ፦
ትናንት እዚሁ ደሴ ስለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ልዩ ስብስብ ውይይት ነበር። አንድ ተናጋሪ ተነሥተው «ኢንተርኔት ላይ የወጣ ቅርስ አይሰረቅም» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበላቸው። እኔ ደሜ ፈላ። ሐሳቡ ከየቤተሰቡ በአደራ የተሰበሰቡትን የዓጀሚ (በዓረብኛ ፊደል በአገር ቋንቋ የተጻፉ) ኪታቦችና የብራና መጻሕፍት ፎቶ አንሥቶ፣ ማንም እንዲያወርዳቸው መልቀቅ ነው። አንድ ሽማግሌ ኪታባቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ዝናብ እንዳይነካው ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው ሲያመጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ያስረከቡት እንዲጠበቅላቸው ነው። «ዓለም ይየው» ብለው የፈረሙበት ወረቀት ካለ አሳዩኝና ዝም እላለሁ።

መደርደሪያ፦
ሥራዬ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ልናገር። ፎቶ የሌለው መጽሐፍ ሲጠፋ ምን ብለህ ነው የምትፈልገው? «አሮጌ ነው፣ ሽፋኑ ቀይ ነው» ብለህ? በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ ሁላችንም አይተናል። ለፖሊስ፣ ለጉምሩክ፣ ውጭ አገር ላለ ጨረታ ቤት የሚቀርበው ማስረጃ የገጽ ፎቶ፣ የገጽ ብዛት፣ የቁመትና የወርድ ልክ፣ የሽፋኑ ምልክት ነው። ተናጋሪው ለማለት የፈለጉት «ተሰርቆ ለመሸጥ ያስቸግራል» ይመስለኛል።

የሸዋ በር ልጅ፦
«ይመስለኛል»! ጠበቃቸው ነህ እንዴ? ያሉት «አይሰረቅም» ነው።

ቦርከና ማዶ፦
መቅደላ እኮ የእኛው ደቡብ ወሎ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወረደ። ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ከነዚያ ብራናዎች የተወሰኑትን ኢንተርኔት ላይ ለቆልን፣ ኮምቦልቻ ቡና ቤት ተቀምጠን በስልካችን እናገላብጣለን። በተናጋሪው ስሌት እንግዲህ አልተሰረቁም። እንኳን ደስ አለን!

መደርደሪያ፦
ቦርከና ማዶ፣ ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ያኔ ዋናው ሄዶ ምስሉ መጣልን። አሁን የምንለው ዋናው ደሴ ተቀምጦ ምስሉ ይሂድ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
አዲስ ነገር አስመሰላችሁት። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው የማይክሮፊልም (ገጹን አሳንሶ በፊልም የማንሣት) ሥራ አንሥቶት ቁጥር 1832 ሆኖ ተመዝግቧል። ፊልሙ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገባ፤ ወንጌሉን ግን ማን ነካው? ደግሞ መመዝገብን ከፈረንጅ የተማርነው ለሚመስለው፦ የገዳሙ አባቶች የመጻሕፍታቸውን ዝርዝር እዚያው ወንጌል ላይ ጽፈው አኑረዋል።

የሸዋ በር ልጅ፦
የጻፉት ለራሳቸው ነው፤ ለሚኒሶታ አይደለም።

ሐይቅ ዳር፦
ያንተ ልጅ ነገ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲሠራ ሚኒሶታን ይለምን እንግዲህ።

የዳና ልጅ፦
ሁላችሁም ብራና ብራና ትላላችሁ። ሽማግሌው ያመጡት ኪታብ ነው። መንዙማው ሐድራ (የዱዓና የዚክር ስብስብ) ላይ፣ ቡናው ተፈልቶ ዕጣኑ ጨሶ የሚባል እንጂ ለወሬ የሚገለጥ አይደለም። አፄ ዮሐንስ ከጠሩት ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲቀይር ሲገደድ፣ ሼህ ጦልሃን የመሰሉ ዑለማዎች በስደት ሲንከራተቱ ምን እንደሆነ የምታውቁት ነው። መሸሸግ በእኛ ቤት ስስት አይደለም። ሌላው ደግሞ የኪታቡ ጠርዝ ነው። የእኛን ቤት ኪታብ ስትገልጡት የልጅ መወለድ፣ የበሬ ሽያጭ፣ ማን ከማን ስንት እንደተበደረ ተጽፎበታል። የተበዳሪው የልጅ ልጆች ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ይሄም ይለቀቅ?

መደርደሪያ፦
እኅቴ፣ ይሄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለውን ገጽ ለይቶ ማስቀረት ይቻላል። የቤተሰቡ ስምና የቀበሌው አድራሻም ለሕዝብ ከሚታየው ዝርዝር ወጥቶ በውስጥ መዝገብ ብቻ መያዝ አለበት፤ አለበለዚያ ለሌባ ካርታ ሠርተን መስጠታችን ነው።

የሸዋ በር ልጅ፦
አሃ! አሁን «ሌባ» መጣ። አይሰረቅም አልነበር?

ጋሼ ጦሳ፦
ልጆች፣ ሕጉንም እዩት። በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 መሠረት ጥበቃው በመርሕ ደረጃ ደራሲው በሞተ በ50 ዓመት ያበቃል። የጥንት ኪታብ ባለቤት በዚህ አዋጅ ምስሉን ማስቆም አይችልም። ቤተሰቡን በዋናነት የሚጠብቀው ሲያስረክብ የተፈራረመው ውል ነው። ውሉ የሚለው ነው የሚሆነው።

የዳና ልጅ፦
ጋሼ ጦሳ ዕድሜ ይስጥዎ። ታዲያ የርክክብ ቅጹ ላይ «ፎቶው ይለቀቅ ወይስ አይለቀቅ» የሚል መስመር አለ?

ቦርከና ማዶ፦
ከቅጹ በፊት ክፍሉን ተናገሩ። በክረምት የደሴ ጉም በመስኮት ገብቶ ብራናውን ያሳብጠዋል። ወደ ኮምቦልቻ ይምጣ፤ ፀሐይ አለን፣ ደረቅ ነው።

የሸዋ በር ልጅ፦
ኮምቦልቻ? የፋብሪካ ጭስና የከባድ መኪና አቧራ ሊያጥኑት?

ቦርከና ማዶ፦
ጭሱ ደመወዝ ይከፍላል። የእናንተ ጉም ምን ይከፍላል?

መደርደሪያ፦
ብራናን የሚጎዳው ጉሙ ወይም ፀሐዩ ብቻውን አይደለም፤ መለዋወጡም ነው። ዛሬ አብጦ ነገ ሲደርቅ ቀለሙ ይረግፋል። እርጥበት መለኪያ የሌለው ክፍል ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያው ነው። ደግሞ ጎብኚ በመጣ ቁጥር «ጓንት አድርጉ» የምትሉ ሰዎች እባካችሁ ተዉ፤ የታጠበና የደረቀ እጅ ይሻላል፣ በጓንት ገጹ አይታወቅምና ይቀደዳል።

ሐይቅ ዳር፦
ስለ ጓንት ማን ጠየቀህ?

የዳና ልጅ፦
እኔ የጠየቅሁት ስለ ቅጹ ነው። መስመሩ አለ ወይስ የለም?

መደርደሪያ፦
ያየሁት ቅጽ «ለጥናትና ምርምር አገልግሎት እንዲውል» ይላል።

የሸዋ በር ልጅ፦
«ለምርምር» እና «ማንም ያውርደው» አንድ ሆኑ? ሽማግሌው ይሄንን ሲሰሙ ኪታባቸውን ሊወስዱ ቢመጡ ማን ይመልስላቸዋል?

መደርደሪያ፦
ውሉ ስጦታ ነው ወይስ አደራ የሚለው ላይ ይወሰናል። አደራ ከሆነ መመለስ ነው። ስጦታ ከሆነ ግን…

የዳና ልጅ፦
«ግን» ምን? ጨርሰው እንጂ!

ቦርከና ማዶ፦
ኮምቦልቻ ቢሆን ኖሮ ቅጹም ይስተካከል ነበር።

ጋሼ ጦሳ፦
አንተ ልጅ አሁንስ አበዛኸው።