ሐዋሳ ላይ በእግር መውጣት ለምትፈልጉ፦ ከማን ጋር፣ የት፣ በምን ጫማ

«ሐዋሳ ተዛውሬ መጣሁ። ቅዳሜና እሁድ ከቤት ወጥቼ በእግሬ መሄድ እፈልጋለሁ። ከማን ጋር ልውጣ? የት ይሻላል?» ብላ አንዲት እህት ጠይቃለች። መልሱ ረዘም ስለሚል ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። በዚህ ከተማ ዙሪያ ስዞር አምስት ዓመት ሆኖኛል። በጎ ፈቃደኞች ከሚመሩት ቡድን ጋር ወጥቻለሁ፣ ከፍዬ ከአስጎብኚ ጋር ሄጃለሁ፣ ብቻዬንም ሞክሬዋለሁ።

ጥቆማዬን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለከተማው አዲስ ከሆናችሁ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ውጡ። ግን ቡድን ስትመርጡ ከፊት የሚመራውን ሰው አትዩ። «ከኋላ የሚመጣው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ቡድን ጋር አላሙራ ተራራ ወጣሁ። ሠላሳ ያህል ሰዎች ነበርን። መሪው መንገዱን አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ እግሩ ፈጣን የሆነ ወጣት ነበር። ቁልቁል ስንወርድ አንዲት ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ወለም አላት። ከፊት ያሉት እየተጨዋወቱ ወረዱ። እኔና አንድ ሌላ ልጅ ግራና ቀኝ ደግፈናት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተንፏቀቅን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ውሃችን አልቋል። መሪው ነገሩን ያወቀው ስንደውልለት ነው። ታች ደርሶም ሰው አልቆጠረም ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከኋላ ሰው አልመደበም፣ በቃ።

አሁን የምወጣበት ቡድን ውስጥ መጨረሻ ላይ የሚሄዱት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ደማቅ ብርቱካናማ ሻርፕ ይለብሳሉ። ከእሳቸው ኋላ ማንም አይቀርም፤ ፎቶ ለማንሳት የቆመም ቢሆን ቆመው ይጠብቁታል። ቦርሳቸው ውስጥ ፋሻ፣ ኦ አር ኤስና ፉጨት አይጠፋም። መንገድ ሲከፈል የፊተኞቹ ይቆማሉ፤ ሻርፑ ሳይታይ ማንም አይነቃነቅም። ስንነሳ እንቆጠራለን፣ አናቱ ላይ እንቆጠራለን፣ ስንመለስ እንቆጠራለን። መጀመሪያ ላይ ሰልችቶኝ ነበር። አሁን ግን ሳይቆጥር የሚነሳ ቡድን ሳይ ሆዴ ይፈራል።

ስለ ገንዘብም አስቀድማችሁ ጠይቁ። በጎ ፈቃደኛ ማለት ሁሉም ነገር በነጻ ነው ማለት አይደለም። ለሚኒባስና ለመግቢያ የሚዋጣ ነገር ይኖራል። ለምን እንደሆነ በግልጽ የሚነግራችሁ ቡድን ጥሩ ነው።

በክፍያ የሚመራ አስጎብኚ የሚሻለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ጥቁር ውሃ ነው። ወንዙ ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ የሚገባበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ በጀልባ ሆኖ ከሩቅ ማየት ይቻላል። ዋጋውን ሳትሳፈሩ በፊት ተስማሙ፣ ላይፍ ጃኬት ከሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ፣ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ዳር ዳሩን በእግር እንሂድ ካላችሁ ደግሞ ሳይነጋ ወይም ሲመሽ በፍጹም አይሆንም። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ በእሱና በውሃው መካከል መቆም አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ወንዶ ገነት ነው። እስከ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ሌላ ሚኒባስ ትይዛላችሁ። ብዙ ሰው ፍልውሃው ጋ ገላውን ታጥቦ ይመለሳል። ዳገቱ ላይ ያለውን ደን ግን በአካባቢው ልጅ መሪነት ግቡበት። ዝግባው ሥር ስትቆሙ ድምፃችሁ ራሱ ይቀንሳል።

ብቻችሁን መሄድ የምትችሉት የሐይቁን ዳር ነው፤ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ጀምራችሁ ሰው በሚበዛበት በኩል። ተራራ ላይ ብቻችሁን አትውጡ፤ በተለይ ሴቶች እህቶቼ።

ለመጀመሪያ ቀን እኔ የምለው የታቦር ተራራን ነው። አጭር ነው፣ ለከተማው ቅርብ ነው፣ ከላይ ሆኖ ግን ሁሉም ነገር ይታያል። በአንድ በኩል ከተማው፣ በሌላው ሐይቁ። ሐይቁ ያረፈው በጥንት እሳተ ገሞራ በተደረመሰ ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ ይህን አውቃችሁ ዙሪያውን ስታዩት ገበቴ ይመስላል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። እንደዚያም ሆኖ ውሃው ጨዋማ አይደለም፤ ከመሬት በታች እየሰረገ ይሄዳል። ይህን የነገሩን መምህርቷ ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ውሃ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ደግሞ እግር ጉዞ አይባል ይሆናል፣ ግን አትለፉት። ከታቦር ወርደን ብዙ ጊዜ ቁርስ የምንበላው እዚያ ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ መረብ ጭነው ሲመጡ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ቁመታቸው የልጅ ያህላል፣ ራሳቸው መላጣ ነው፣ አንገታቸው ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል። እግራቸው ነጭ የተቀባ ይመስላል። ኩሳቸው ነው፤ ሙቀት ሲበዛ ሰውነታቸውን ለማቀዝቀዝ እግራቸው ላይ ይለቁታል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አንጀት ሲወረወር የሚሰማው የመንቆር ኳኳታ ዕቃ የሚራገፍ ነው የሚመስለው። የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ፣ ማለትም በተፈጨ ቃሪያ፣ በልታችሁ ተመለሱ።

እዚያው ዛፎቹ ላይ ጦጣና ጉሬዛ ታያላችሁ። ጦጣው ከእጃችሁ ይነጥቃል፣ ተጠንቀቁ። ጉሬዛው ግን ምግቡ ቅጠል ነው። ሆዱ እንደ ከብት ክፍልፋይ ያለው ነው፤ ቅጠሉ እዚያ ውስጥ ተብላልቶ ነው የሚፈጨው። ዳቦና ኦቾሎኒ የሚሰጡትን ሳይ በጣም አዝናለሁ። ሆዱ ለዚያ አልተሠራም። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

አላሙራ ከታቦር ይከብዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከወጣችሁ በኋላ ሂዱበት። ክረምት ላይ ይቅር፤ ጭቃው ያንሸራትታል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ግን አረንጓዴውን አይታችሁ አትጠግቡም።

አሁን ስለ ጫማ። ሦስት ዓይነት ሞክሬአለሁ። ተራ ስኒከር ለሐይቁ ዳርና ለታቦር ይበቃል። አዲስ የተራራ ቡት ዋጋው ከባድ ነው፤ በወር አንዴ ለሚወጣ ሰው አልመክርም። ሰልባጅ ቡት ከሁሉም ያዋጣል፣ ግን አይታችሁ ግዙ። የእኔ የመጀመሪያው ከውጭ ሲታይ አዲስ ነበር። አላሙራ ግማሽ ላይ የቀኙ ሶል እንደ ምላስ ተንጠለጠለ። መምህርቷ ከቦርሳቸው ሲባጎ አውጥተው አሰሩልኝ፤ እንደዚያ ሆኜ ወረድኩ። ብዙ ጊዜ የተቀመጠ ጫማ ሙጫው ይደርቃል። ስትገዙ ጫማውን በሁለት እጃችሁ አጥፉት፣ ሶሉና ቆዳው የሚገናኙበትን በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉ። ከገዛችሁ በኋላም ጫማ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ዙሪያውን አሰፉት። የእኔ ሁለተኛው እንዲያ ተሰፍቶ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ውሃ በሰው ሁለት ሊትር። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት፤ ነፋሱ ያታልላል እንጂ ፀሐዩ ያቃጥላል። ባዶውን ሃይላንድ ይዛችሁ ተመለሱ። ለስንቅ ቆሎን የሚያህል የለም፤ አይቀልጥም፣ አይበላሽም፣ ጦጣም ብዙ አይጓጓለትም።

ከዚህ በታች ለጠየቃችሁኝ፦

«ስንት ሰዓት ይነሳል?» 12 ሰዓት ተኩል ጠዋት። አራት ሰዓት ላይ ወርዳችሁ ብታልቁ ጥሩ ነው።

«ልጅ ይዤ መምጣት እችላለሁ?» ታቦር ላይ ከስድስት ሰባት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ይችላል። ሌላው ጋ ቆይ።

«እናቴ ስልሳ አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል። ተራራ ማየት ግን በጣም ትፈልጋለች።» ወንድሜ፣ እማማን ከፍቅር ሐይቅ ጀምረህ በዳሩ ቀስ እያልክ ውሰዳቸው። መቀመጫ ሲገኝ ይረፉ፤ ታቦር ከዚያ ሆኖም ይታያል። ሲሻላቸው አንድ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ይምጡ። ብርቱካናማ ሻርፕ ካደረጉት መምህርት ጎን ይሄዳሉ፤ የደረሱበት ድረስ ሄደው ሁለቱ አብረው ይመለሳሉ።