ከብራምስ ጎን የሚሄድ የቼሎና የፒያኖ ሥራ ጠቁሙን

ሰላም ለሁላችሁ። ለኮንሰርታችን የብራምስን ኢ ማይነር የቼሎና የፒያኖ ሶናታ፣ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 38፣ ይዘናል፤ 25 ደቂቃ ገደማ ነው። ቀሪውን 20 ደቂቃ እምብዛም በማይሰማ የሮማንቲክ ዘመን ሥራ እንሙላው ብለን እዚህ ላይ ተቸግረናል።

የፈረንሳዊው አቀናባሪ የአልካን የቼሎ ሶናታ፣ ኦፐስ 47፣ ብቻውን 30 ደቂቃ ይደርሳል፤ የመጨረሻው ክፍል ሳልታሬላ (ፈጣን የጣሊያን ጭፈራ) ደግሞ ፒያኒስት ይጨርሳል!

ዋናው ጣጣ የድምፅ ሚዛን ነው። በብራምስ ማሳረጊያ ፉጋ (አንዱ ዜማ በየድምፁ እየተከታተለ በሚገባበት ክፍል) ቼሎው ወደ ወፍራሞቹ ክሮች፣ ወደ “ሲ” እና “ጂ”፣ ሲወርድ የፒያኖው ግራ እጅ ይውጠዋል። ክዳኑን ዝቅ አድርገን፣ ፔዳሉንም ቀንሰን ሞከርን፤ ፒያኖው ታፈነ እንጂ ቼሎው አልጠራም።

ስለዚህ ቼሎው በቀጭኑ “ኤ” ክር ላይ የሚያዜምበት፣ ፒያኖው ሳሳ ያለ ሥራ እንፈልጋለን። በ1887 የታተመው የእንግሊዛዊቷ አቀናባሪ የኤተል ስማይዝ ኤ ማይነር የቼሎ ሶናታ፣ ኦፐስ 5፣ ለዚህ ይሆናል? የተጫወታችሁት ካላችሁ፣ የቼሎው ኖታ ገጽ ለመግለጥ ፋታ ይሰጣል?