የሕግ መጽሐፍ ስከፍት ልቤ ይዝላል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ባሕር ዳር የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ።

ሕግ የመረጥኩት በአባቴ ምክንያት ነው። በእርሻ ድንበር ተከሶ ፍርድ ቤት ሲመላለስ፣ የመጣለትን ወረቀት የሚያነብለት ሰው ሲለምን አይቻለሁ። ያኔ ውስጤ እሳት ነበር። አሁን ጠፋብኝ።

ትናንት ጣና ዳር ዋርካ ሥር ቁጭ ብዬ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገለጥኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ 3367 አንቀጽ ያለው። አንቀጽ 1675 ላይ፣ ውል ምን እንደሆነ የሚናገረው ላይ፣ አርባ ደቂቃ ፈዝዤ ቀረሁ። ድሮ በቃሌ የምለው ነበር እኮ! አንድ ዓሣ አስጋሪ የተተበተበ መረቡን በትዕግሥት ይፈታል። እሱን እያየሁ እንባዬ ገጹ ላይ ጠብ አለ።

ዶርም ውስጥ ወሬው ሁሉ «ስንት አመጣህ?» ነው። እንቅልፌ ከሄደ ሁለት ወር ሆነው። የመውጫ ፈተናው ገና ከአሁኑ ያስጨንቀኛል። ለቤተሰብ ትንፍሽ አላልኩም፤ አባቴ ለሰው ሁሉ «ልጄ ጠበቃ ሊሆን ነው» ይላል።

በዚህ ያለፋችሁ፣ በተለይ ሕግ የጨረሳችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ዊዝድሮው (ትምህርት ለጊዜው ማቋረጫ ቅጽ) ሞልቼ አንድ ዓመት ልረፍ? ወይስ እየተማርኩ የሥነ ልቦና አማካሪ ጋ ልሂድ? ለአባቴስ እንዴት ብዬ ልንገረው?