«ኮልድ ዋር»ን ያያችሁ፦ ለወላጆች የተሰጠ ፊልም የሆነው በምን መልኩ ነው? (መጨረሻውን ያነሳል)

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር የፓቬል ፓቭሊኮቭስኪን የፖላንድ ፊልም አየን፣ እ.ኤ.አ. የ2018ቱን። የሙዚቀኛው የዊክቶርና የዘፋኟ የዙላ የፍቅር ታሪክ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ 90 ደቂቃ አይሞላም፣ ወሬም አይበዛበትም። ሲያልቅ ባለቤቴ «ገና ሲገናኙ ይለያያሉ፣ ዓመታት ይዘለላሉ፣ መቼ ተዋደዱ?» አለኝ። መልስ አጣሁ፤ ግን ሆዴን አላውሶታል። መጨረሻ ላይ «ለወላጆቼ» ይላል። ምን አገናኘው? ዙላስ ፓሪስ ላይ የራሷን የዘፈን ሸክላ ለምን ወረወረችው?

የፊልም ወዳጅ፦ እህቴ፣ ዊክቶርና ዙላ የዳይሬክተሩ አባትና እናት ስም ነው። ወላጆቹ ግን ሙዚቀኞች አልነበሩም፣ አባትየው ሐኪም ነበሩ። ለ40 ዓመት ያህል ሲጣሉ፣ ሲለያዩ፣ ሌላ ሲያገቡ፣ ካገር አገር ሲዞሩና ተመልሰው ሲገናኙ ኖረው ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 አረፉ። ዝላዩን እኔ የምረዳው በዚህ ነው። የእናትና የአባታችንን ፍቅር ከመጀመሪያው ያየ ማን አለ? እኛ ጋ የሚደርሰው ቁርጥራጩ ነው፣ አንድ ፎቶ፣ አንድ ጠብ፣ ሳይጨርሱት የተዉት ወሬ።

ዘፈን አድማጭ፦ እኔ ዘፈኑን ተከተሉ እላለሁ። «ሁለት ልቦች» የሚለውን መጀመሪያ አንዲት የገጠር ልጅ ያለ ምንም መሣሪያ ትዘፍነዋለች፣ እነ ዊክቶር እ.ኤ.አ. በ1949 መንደር ለመንደር እየዞሩ ሲቀርጹ። ቀጥሎ የባህል ልብስ የለበሰ ኅብረ ዝማሬ ይወስደዋል። ፓሪስ ሲደርስ ደግሞ ጃዝ ይሆናል፣ በፈረንሳይኛ። የፈረንሳይኛውን ግጥም የጻፈችው የዊክቶር የቀድሞ ፍቅረኛ ናት! ዙላ ሸክላውን ብትወረውር አልፈርድባትም። የራሷን ዘፈን በሌላ ሴት ቃል ነው ያዘፈኗት። እኛስ ትዝታን የምንወደው እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱን ስንኝ ስለሚያስገባበት አይደል?

የባህል ቡድኑም መነሻ አለው፦ እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው የፖላንድ የባህል ዘፈንና ውዝዋዜ ቡድን ማዞቭሼ፤ መሥራቾቹም ባልና ሚስት ናቸው። ፊልሙ ውስጥ ባለሥልጣናቱ ስለ መሪው ስለ ስታሊንና ስለ መሬት ይዞታ ለውጥ ዝፈኑ ሲሉ፣ ከዊክቶር ጋር ቡድኑን ያቋቋመችው ኢሬና የገጠር ሰው እንዲህ ያለ ዘፈን አይዘፍንም ትላለች። ቆይታም ጥላ ትሄዳለች። ስለ እሷ ብዙም አይወራም፣ እኔ ግን በጣም ነው ያከበርኳት።

ሌላ ተመልካች፦ እኔ ከባልሽ ጋር ነኝ። ዙላ ከአገር ለመውጣት ጣሊያናዊ ማግባቷን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ያ ትልቅ ነገር ነው፣ ፊቷን ለማየት ጓጉቼ ነበር። ፍርስራሹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ቃል ሲገቡ ግን አለቀስኩ፣ አልዋሽም።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን የገጠሯን ልጅ ክፍል ብቻ ከፍተን ደግመን ሰማነው። ባለቤቴ «ቆይ፣ ከመጀመሪያው እንየው» ብሎ ተነስቶ መብራቱን አጠፋ።